ስምሽ በሩ ላይ ከሌለ የለሽም

በርሊን የገባሁት በኅዳር 2022 ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ብርዱ አላስደነገጠኝም፤ ስለ እሱ ብዙ ተነግሮኝ ነበር። ያስደነገጠኝ የደብዳቤ ነገር ነው።

ባለቤቴ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው የመጣው። የምንኖረው ቬዲንግ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። በመጣሁ በሳምንቱ አንሜልዱንግ አደረግሁ፤ ማለትም "እዚህ ቤት ገብቻለሁ" ብዬ ተመዘገብኩ። ቤት በገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ መመዝገብ ግዴታ ነው። አከራዩ የሚፈርምበት ወረቀትም ያስፈልጋል። እሱን ጨርሼ "በቃ፣ አሁን ሰው ሆንኩ" ብዬ ቁጭ አልኩ። የጤና መድን ካርድሽ በፖስታ ይመጣል ተባልኩ። አንድ ሳምንት ሞላ፤ ሁለት ሳምንት ሞላ፤ ወር ሆነ። የለም። ይላክልሻል የተባልኩት የቋንቋ ትምህርት ቀጠሮም፣ እነሱ ቴርሚን የሚሉት፣ የውሃ ሽታ ሆነ። ባለቤቴ "ጀርመን ወረቀት ላይ ቀርፋፋ ነው፣ ታገሺ" ይለኛል። እኔም እታገሳለሁ።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ አንዲት የጎንደር ሴት አገኘሁ። የፊቱ ሕንፃ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ኖረዋል። እትዬ ነው የምላቸው። ጉዳዩን ስነግራቸው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

"ስምሽ በሩ ላይ አለ?"

"የባለቤቴ አለ።"

"እሱማ የእሱ ነው። ያንቺስ?"

ይዘውኝ ወረዱና የደብዳቤ ሣጥኖቹን አሳዩኝ። እዚህ ሕንፃው ቁጥር አለው፤ ቤቶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የላቸውም። "4ኛ ፎቅ፣ ቤት ቁጥር 17" ብሎ ነገር የለም። ደወሉም ላይ፣ ሣጥኑም ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። ፖስተኛው ስም ይፈልጋል። ካጣ "እንዲህ የሚባል ሰው የለም" ብሎ ይመልሰዋል። የእኔ ደብዳቤዎች ሁሉ መጥተው ተመልሰዋል ማለት ነው። በእኔ አለማወቅ።

ይቺ ነገር እኛን ሐበሾችን ለይታ ትጎዳለች። ፈረንጅ ቤት ብዙ ጊዜ አንድ የቤተሰብ ስም ስላለ አንዱ ከተጻፈ ሁሉም ተጻፈ። እኛ ግን ሴቷ ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። ስለዚህ ሣጥኑ ላይ የእሱ አባት ስም ይኖራል፤ የእኔ አባት ስም ደግሞ ሌላ ነው። ልጅ ሲወለድ የአባቱን ስም ይይዛልና ሦስተኛ ስም ይመጣል። ሦስቱንም ጻፉ። ፓስፖርታችሁ ላይ ባለው ፊደል አጻጻፍ ጻፉ። ጓደኛ ቤት በደባልነት ከሆናችሁም ጻፉ። እኔ በዚያው ቀን በፕላስተር ለጠፍኩ። በአሥር ቀን ውስጥ አራት ደብዳቤ መጣ። አንዱ ያለፈ ቴርሚን ነበር፤ ሌላ ለማግኘት ሁለት ወር ጠበቅሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ። ባለቤቴ ሥራ ሲሄድ ቤት ቁጭ ብዬ ከማልቀስ በየቀኑ አንድ መንገድ እሄዳለሁ። ያልገባኝን ነገር ሁሉ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ማታ እትዬን እጠይቃለሁ። እሳቸው ያላወቁትን እናቴ በስልክ ትገምትልኛለች። የእናቴ ግምት አንድም ቀን ትክክል ሆኖ አያውቅም፤ ግን ያስቀኛል።

መጀመሪያ ፎቶ ያነሳሁት ጠርሙስ ነው። የመንገድ ቆሻሻ ቅርጫት ሥር ባዶ ጠርሙሶች በሥርዓት ተደርድረው ቆመዋል። "ቅርጫቱ አፍንጫው ሥር ሆኖ መሬት ላይ ያስቀምጣል? ምን ዓይነት ስንፍና ነው?" አልኩ። ለካ ደግነት ነው። እዚህ የጠርሙስ ማስያዣ አለ፤ ፕፋንድ ይሉታል። ላስቲኩና ቆርቆሮው 25 ሳንቲም ነው፤ የተለመደው የቢራ ጠርሙስ 8 ሳንቲም። ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው ማሽን ሆድ ውስጥ ስትከቱት ወረቀት ይሰጣችኋል፤ ወረቀቱን ካሸር ላይ ትከፍሉበታላችሁ። በዚህ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ጡረተኞች ናቸው። ጠርሙሱን ከውጪ የሚያቆመው ሰው እነሱ ቅርጫት ውስጥ እጃቸውን እንዳይከቱ ብሎ ነው። እኛም እኮ "ባዶ ጠርሙስ ይዘሻል?" ሲለን ያደግንበት ባለሱቅ አለን። "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ ብቻ ነው የጎደለው። ላስቲኩን ጨፍልቃችሁ አትጣሉት፤ ማሽኑ ምልክቱን ማንበብ ካልቻለ አይቀበልም።

ሁለተኛው ፎቶ የካርቶን ነው። በር ላይ ካርቶን ተቀምጧል፤ ውስጡ ኩባያ፣ መጽሐፍ፣ የልጅ ጫማ። ላዩ ላይ "ፁ ፈርሼንከን" የሚል ጽሑፍ አለ፤ በነፃ የሚሰጥ ማለት ነው። ከመንገድ ዕቃ ማንሳት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይኔን ሰብሬ አለፍኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ትልቅ የብረት ድስት አየሁ። የዶሮ ወጥ ድስት ነው ስላችሁ! ግራ ቀኝ አይቼ አነሳሁት፤ ዛሬም የምሠራበት እሱን ነው። ድስት፣ መጽሐፍ፣ ሣህን ውሰዱ። ፍራሽና ሶፋ ግን የቱንም ያህል ቢያምር አትንኩ። ትኋን ቤት ከገባ ለመውጣቱ የምትከፍሉት ከአዲስ ሶፋ ይበልጣል።

ስለ ሕንፃው ግቢ ላውራ። አሮጌዎቹ የበርሊን ሕንፃዎች የፊት ቤት፣ የጎን ቤትና የኋላ ቤት አላቸው፤ መሐሉ ግቢ ነው። ግቢው ውስጥ ሳይክልና የቆሻሻ ገንዳ ሞልቷል። ሰማያዊው የወረቀት ነው። ቡናማው የምግብ ትራፊ ነው። ቢጫው ወይም ብርቱካናማው የፕላስቲክና የብረት ማሸጊያ ነው። ጥቁሩ የቀረው ሁሉ ነው። የጠርሙስ ብርጭቆ ነጩ ለብቻ፣ ባለቀለሙ ለብቻ። እሑድ ዕለት ብርጭቆ አትጣሉ፤ ድምፁ ይረብሻል። እኔ እሑድ ጣልኩ። ማግስቱን ደረጃው ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። የእኛ ሕንፃ ሰው ሲቆጣ አይጮኽም፤ ይጽፋል። ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክት ካያችሁ ነገሩ ከሯል ማለት ነው።

ዋናው ጉዴ ግን ቡናው ነው። የመጀመሪያው እሑድ "ቤቱ ቤት ቤት ይሽተት" ብዬ ሳሎን መሐል ረከቦት ዘረጋሁ። ጣሪያው ላይ ነጭ ክብ ነገር አለ፤ መብራት መስሎኛል። ቡናው ጭስ ጭስ ሲል ያ ነገር እሪ አለ! ጆሮ የሚበሳ ጩኸት። ባለቤቴ ወንበር ላይ ወጥቶ በነጠላዬ ያራግባል፤ እኔ መስኮት እከፍታለሁ፤ ጎረቤት በር ይደበድባል። የጭስ ጠቋሚ ነው። በበርሊን ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ መኝታ ቤት፣ ሳሎንና ኮሪደር ላይ ግዴታ ሆኗል። ባትሪውን ነቅለው የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። አታድርጉት፤ እሳት አይቀጠርም። አሁን የምቆላው ወጥ ቤት፣ መስኮት ከፍቼ፣ የሳሎኑን በር ዘግቼ ነው። ዕጣኑን መጨረሻ ላይ በትንሹ አጨሳለሁ፣ መስኮቱ ሥር።

ሙቀጫውም ሌላ ጣጣ ነው። ከነሱ 22 ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ጸጥታ ነው። እሑድና በዓል ደግሞ ቀኑን ሙሉ። የጣውላ ወለል ላይ ቡና ሲወቀጥ ለታች ቤት ሰው ጣሪያው የሚናድ ነው የሚመስለው። ቅዳሜ ቀን ላይ፣ ሙቀጫው ሥር ጋቢ አጥፌ ነው የምወቅጠው። የታች ቤቱን ሰውዬ አንድ ቀን ቡና ጠራሁት። ሦስተኛውንም ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ተለጥፎ አላየሁም።

እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ይሄ ለአውሮፓ አዲስ ሰው ሁሉ የሚነገር ነው፤ ግን አንዴ ዳቦ ሳይኖር ካልዋለ ማንም አይማርም። ሽፔቲ የሚሏቸው የመንደር ኪዮስኮች ያድኗችኋል፣ በውድ ዋጋ።

ወደ መንገዱ ስወጣ ሳይክል ሊገጨኝ የደረሰበትን ቁጥር አላውቀውም። እግረኛ መንገዱ ላይ ቀላ ያለ መስመር ካያችሁ የሳይክል ነው፤ ቀጥ ብላችሁ አትሂዱበት። ደወል ያሰማሉ፤ ካልሰማችሁ ይሳደባሉ። የእግረኛ መብራቱ ቀይ ሲሆን መኪና ባይኖርም ቁሙ፤ በተለይ አጠገባችሁ ልጅ ካለ። አንድ ጊዜ ስሻገር አንዲት አሮጊት "ልጁ እያየሽ ነው!" ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ጀርመንኛ ባልችልም ገባኝ። አፈርኩ።

የምድር ባቡሩ መግቢያ ላይ በር የለም፤ ማንም አይጠይቃችሁም። ነፃ ይመስላል። አይደለም። የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ መድረኩ ላይ ባለችው ትንሽ ሣጥን ማተም አለባችሁ። እኔ ገዝቼ ሳላትም ገባሁ። ተራ ጃኬት የለበሱ ሁለት ሰዎች "ትኬት" አሉ። አሳየሁ። ያልታተመ ትኬት እንዳልተገዛ ነው። 60 ዩሮ። ገዝቻለሁ ብሎ መሟገት ዋጋ የለውም፤ ሞክሬዋለሁ።

ሬበርገ የሚባለው መናፈሻ ዳር ስደርስ ደግሞ ልቤ ተነካ። ትንንሽ የጣውላ ቤቶች ተደርድረዋል፣ አጥር በአጥር፣ ጣሪያቸው ዝቅ ያለ። "እዚህም ጨረቃ ቤት አለ!" ብዬ ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁ። "አይዞሽ፣ ድሃ የሌለበት አገር የለም" አለችኝ። ማታ እትዬ እስኪያነቡ ሳቁ። የአትክልት ቦታ ነው። የከተማ ሰው ተከራይቶ ቅዳሜና እሑድ ቲማቲም የሚኮተኩትበት። ቤቲቱ በሕግ ከ24 ካሬ ሜትር አትበልጥም፤ ዘወትር መኖሪያም ማድረግ አይፈቀድም። ከቦታው አንድ ሦስተኛው ያህል አትክልትና ፍራፍሬ መልማት አለበት። ለማግኘት ዓመታት ወረፋ ይጠበቃል። እኛ ተመዝግበናል። ጌሾ ይበቅል እንደሆነ ያኔ እናያለን።

ሺለርፓርክ አጠገብም ቱሪስቶች ካሜራ ደቅነው አየሁ። የሚያነሱት ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው ቀይ የጡብ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ልብስ ተሰጥቶበታል። ብሩኖ ታውት በ1920ዎቹ ለሠራተኛ ቤተሰብ የነደፈው ነው አሉኝ። ከ2008 ጀምሮ በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። ላሊበላ ያለበት መዝገብ ላይ! ሰዎቹ ግን ኪራይ እየከፈሉ ይኖሩበታል።

አሁን ወደ መንገዶቹ ስም ልምጣ። እናቴ አድራሻዬን ስነግራት "ካሜሩን ምን ወሰደሽ? በርሊን አላልሽኝም?" ብላ ደንግጣ ነበር። ሰፈራችን የአፍሪካ ሰፈር ይባላል። ካሜሩን፣ ቶጎ፣ ኮንጎ፣ ዛንዚባር፣ ኡጋንዳ፣ ሴኔጋል፤ ሁሉም የመንገድ ስም ነው። አፍሪካ የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያም አለ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እንደ ክብር ቆጠርኩት። በዞርኩበት ሁሉ የኢትዮጵያን ስም ፈልጌ ባጣ ትንሽ ቅር ብሎኝም ነበር።

ታሪኩን ስሰማ ቅሬታዬ ተነነ። ካሜሩንና ቶጎ የሚሉት ስሞች የወጡት በ1899 ነው፤ ሁለቱም ያኔ የጀርመን ቅኝ ግዛቶች ነበሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ካርል ሃገንቤክ የተባለ የእንስሳት ነጋዴ ሬበርገ ላይ እንስሳትንም፣ ከአፍሪካ የመጡ ሰዎችንም ለትርኢት የሚያቀርብበት መናፈሻ ሊከፍት አቅዶ ነበር። ጦርነቱ አስቀረው። ዛሬ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሣር እኮ ነው። እዚያ ስሄድ ሁሌ ትዝ ይለኛል።

በመጣሁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት አንድ አደባባይ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ጥቁሮች ብዙ ነበሩ፤ ንግግር አለ፤ ከበሮ አለ። ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ብርዱ አባረረኝ። ኋላ ሳልፍ የአደባባዩ ታርጋ ላይ የቆየው ስም በቀይ መስመር ተሰርዟል፤ ከላዩ አዲስ ስም አለ። ለካ ዲሴምበር 2 ቀን 2022 የቅኝ ገዢው የናኽቲጋል ስም ወርዶ ማንጋ ቤል ተብሏል። ሩዶልፍ ዱዋላ ማንጋ ቤል የካሜሩን የዱዋላ ንጉሥ ነበር። የሕዝቡ መሬት ሲነጠቅ በመቃወሙ በ1914 ጀርመኖች ሰቀሉት። ሉደሪትስ የሚባለው መንገድም በዚያው ቀን ቅኝ አገዛዙን በተዋጋው ናሚቢያዊ በኮርኔሊየስ ፍሬዴሪክስ ስም ተጠራ። በ2024 ደግሞ ሌላ ጎዳና ለሁለት ተከፍሎ ማጂ ማጂ (ታንዛኒያ ውስጥ በጀርመን አገዛዝ ላይ የተነሣው አመፅ) እና አና ሙንጉንዳ (ናሚቢያዊት ታጋይ) የሚሉ ስሞች ወጡለት። አዛውንት ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ በአዲሱ ስም መጥራት አልወደዱም። "አድራሻ መቀየር ጣጣ ነው" ይላሉ። ጣጣው እውነት ነው፤ ግን ጣጣው ብቻ እንዳልሆነ ፊታቸው ይናገራል።

ታርጋ ማንበብ ከጀመራችሁ መሬቱንም አንብቡ። እግረኛ መንገዱ ድንጋዮች መሐል መዳፍ የምታህል፣ አሥር በአሥር ሳንቲ ሜትር የሆነች የናስ ሰሌዳ ታያላችሁ። እኔ የቧንቧ ክዳን መስላኝ ስረግጣት ከረምኩ። "እዚህ ይኖር ነበር" ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ስም፣ የልደት ዓመት፣ የተወሰደበት ቀን፣ የተገደለበት ቦታ። ናዚዎች ያጠፏቸው ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ አይሁዳውያን። ሥራውን የጀመረው ጉንተር ዴምኒግ የተባለ አርቲስት ነው፤ በ2023 በመላ አውሮፓ 100,000 ደርሰዋል። በኖቬምበር 9 ሰዎች ተንበርክከው ይወለውሏቸዋል፤ ሻማ ያበሩባቸዋል። እትዬ ከደጃችን አጠገብ ያሉትን ሁለቱን እሳቸው ናቸው የሚወለውሉት፤ በሎሚና በጨው። "ስማቸው በሩ ላይ አልቀረማ" አሉኝ።

ለክረምቱ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። በዲሴምበር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሆን ትጠልቃለች። በጁን ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን ነው፤ ልጅ ማስተኛት መከራ ነው። በክረምት የምትወጡ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ ውጡ። ማታ "ነገ እወጣለሁ" የሚል ሰው አይወጣም።

ሁለተኛው ድምፅ ነው። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ ሰፈራችን ጦር ሜዳ ይመስላል። ርችቱ ከቀትር ይጀምርና ሌሊቱን ያድራል፤ መሬት ላይም ይወረውሩታል። ጦርነት ካለበት አካባቢ ለመጣ ሰው ቀልድ አይደለም። አስቀድማችሁ ንገሩት፤ መስኮት ዝጉ፤ ከእኩለ ሌሊት በፊት ቤት ግቡ። ስልካችሁም አንድ ቀን ብቻውን ይጮኻል። የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሙከራ ነው፤ በየዓመቱ በሴፕቴምበር ሁለተኛው ሐሙስ፣ በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት። በ2025 ልክ መስከረም 1 ላይ ዋለ። እንግዶች ሞልተው፣ ዶሮው ወጥቶ፣ የአሥራ ምናምን ሰው ስልክ ባንድ ላይ እሪ ሲል አስቡት። እትዬ ብቻ ናቸው ያልደነገጡት። "እንኳን አደረሳችሁ እያለ ነው" አሉ።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ አምሽቼ ስገባ ግቢው ውስጥ ቀጭን ቀይ ውሻ ቆሞ አየኝ። ጅራቱ ወፍራም ነው። ውሻ አይደለም። ቀበሮ ነው፤ ከተማ መሐል። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

"ቀበሮ? ከተማ ውስጥ? ዶሮ በሌለበት ምን ይበላል?"

"ከቡናማው ገንዳ ነው እማ።"

ትንሽ ዝም አለችና፣ "እሱም ለይቶ ነው የሚበላው በያ" አለችኝ።